ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት

ድንጋዩ ላይ የሚገባው ሠላሳ ሁለት ስም ብቻ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ራሴ ስለለካሁት ነው። ፊደሉ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ ሊያነበው የሚችለውን ያህል እንዲሆን ተወሰነ፤ በመስመርና በመስመር መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ተተወ፤ የቀረው ማካፈል ነው። በግራ ዓምድ አሥራ ስድስት፣ በቀኝ ዓምድ አሥራ ስድስት። ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ለኮሚቴው ሳሳይ ማንም ጥያቄ አልነበረውም። እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

ከተማችን ከሉማሜ ብዙ አትርቅም። በአውቶቡስ ለሚያልፍ ሰው አንድ ረድፍ ሱቅ፣ ሁለት ሻይ ቤትና የትምህርት ቤታችን የቆርቆሮ አጥር ናት። ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ከዚህ አካባቢ ለወጡ አርበኞች ሐውልት ይቁም ሲባል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞሩ። ሰብሳቢው በጡረታ የተሰናበቱ የቀድሞ ርእሰ መምህራችን ናቸው። "አንተ ሥርዓት ትወዳለህ፤ ጸሐፊ ሁን" አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቅጽ አዘጋጀሁ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ሁለት ምስክር። የመጨረሻውን ቀን በቀይ ቀለም ጽፌ ቅጹን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጠፍሁ።

ቀኑ ሳያልፍ ሠላሳ ሁለቱ ሞሉ። ዝርዝሩን ደብረ ማርቆስ ላለው ድንጋይ ጠራቢ በላክሁ በማግስቱ እማሆይ መጡ።

ሰማንያን ያለፉ፣ ቆብ የጫኑ ባልቴት ናቸው። ከወንዝ ማዶ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ደብተር የማርምበት የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ።

"መምህሩ አንተ ነህ?"

"ነኝ እማሆይ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም፤ ከተቀመጥሁ አልነሳም። አባቴን ላስጽፍ ነው የመጣሁት። ምስክር ሁለት ነው አሉ፤ ይኸው ሁለት።"

አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። የአርበኞቹን የተሰበረ ጠመንጃ የሚጠግኑት፣ የተነቀለ ሰደፍ በብረት የሚያስሩት እርሳቸው ነበሩ። ጣሊያኖች ደርሰውባቸው ወናፋቸውን አቃጠሉ፤ ቀኝ እጃቸውንም በሰደፍ ሰበሩት። "ከዚያ ወዲህ መዶሻ አላነሳም" አሉ እማሆይ። "እኔን ሲያቅፈኝ በግራ እጁ ነበር።"

እዚህ ላይ ለሌላ አገር ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ቀጥቃጭ የሠራውን ማረሻ የማይጠቀም ገበሬ አልነበረም፤ ከቀጥቃጭ ጋር በአንድ መሶብ የሚቀርብ ግን አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ቀንሷል፤ ጠፍቷል ማለት ግን አልችልም። ለዚህ ነው በሠላሳ ሁለቱ ጥቆማ ውስጥ ያን ሰው ማንም ያላነሣው። ይህ ያኔ አልታየኝም። የታየኝ ቀኑ ነው።

"እማሆይ፣ ቀኑ አልፏል። ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር።"

"የት?"

"ቀበሌው ሰሌዳ ላይ።"

"ለሚያነብ ነዋ የለጠፍኸው። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው የሰማሁት።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ። "እንዲህ ተቻኩለህ የዘጋኸው፣ ሙታኑ እንዳያመልጡህ ነው?"

የድንጋዩን ስፋት ማስረዳት ጀመርሁ፤ መስመሩን፣ ክፍተቱን፣ ሁለቱን ዓምድ። እማሆይ እስክጨርስ ታገሡኝ። በመጨረሻ፣ ሰው ከበር ለመሸኘት እንደሚባለው፣ "ቦታ ከተገኘ እነግርዎታለሁ" አልሁ።

"ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

ቦታ እንደማይገኝ አውቅ ነበር። ድንጋይ ላይ ከየት ይመጣል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኔታ አስጠሩኝ። የኔታ ደብረ ወርቅ ተምረው የመጡ የቤተ ክርስቲያናችን መምህር ናቸው፤ በሐውልቱ ምረቃ ዕለት ጸሎተ ፍትሐቱን የሚመሩት እርሳቸው ነበሩ። "የመዘገብኸውን የዓለም ስም ለድንጋይህ ስጠው" አሉኝ። "እኔ ሙት የምጠራው በክርስትና ስሙ ነው። የሠላሳ ሁለቱንም አምጣልኝ።"

ደስ እያለኝ ሄድሁ። አዲስ ሠንጠረዥ አሰመርሁ፤ የክርስትና ስም፣ የተቀበሩበት ደብር፣ በቅጥሩ ውስጥ የመቃብሩ ስፍራ። ከትምህርት መልስ በየቤቱ እየዞርሁ ስሞላ ሰነበትሁ። ሐውልቱ የሚመረቅበት የአርበኞች ቀን በዓል ስምንት ቀን ሲቀረው ሠንጠረዡ ሞላ። ማስመሪያዬን በየመስመሩ ሥር እያንሸራተትሁ ሳነብ ከተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ቆምሁ። ይህን የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ። ወደ ላይ ተመለስሁ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ።

የክርስትና ስማቸው አንድ ነው። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በአንድ ደብር በአንድ የክርስትና ስም የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው። ደብሩም አንድ ነው፤ ይህም ይሆናል። የመቃብሩን ስፍራ አየሁ። ዘጠኝ፦ የቁርባኑ ኅብስት ከሚዘጋጅባት ከቤተልሔሟ ጀርባ፣ ከወይራዋ ሥር። ሃያ ሦስት፦ ከቤተልሔሟ ጀርባ፣ ከወይራዋ ሥር። በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ በሁለት የተለያየ ቀን የተጻፈ።

ማስመሪያዬን አስቀመጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ሰው ሦስት ስም ነበረው። ቤተሰብ የሚያወጣለት የዓለም ስም፣ ካህን የሚሰጠው የክርስትና ስም፣ ፈረሰኛ ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም፤ የፈረሱ አባት እየተባለ የሚፎከርበት። ዘጠኝን ያስመዘገቡት እዚሁ ከተማ ያሉ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ በዓለም ስማቸው ከነአባታቸው። ሃያ ሦስትን ያስመዘገቡት የገጠሮቹ ናቸው፤ በፈረስ ስማቸው። ያኔ "የአባት ስምስ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "እሱ የሚታወቀው በፈረሱ ነው፤ ሌላ ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ። ሳጥኗን ባዶ ትቼ አለፍሁ። በዚያ ሁሉ ቅጽ ውስጥ አንዲት ባዶ ሳጥን። ሁለቱ ቤት በእርሻ መሬት ተካሰው ከተኳረፉ ብዙ ዘመን ስለሆነ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም፤ ስለዚህ "ይህማ የእኛ ነው" የሚል አልተገኘም። የአራቱም ምስክሮች ቃል እውነት ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

በሩጫ ወደ የኔታ ሄድሁ። ሠንጠረዡን ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ገደልኸው በለኛ!" ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ቆመ። "ሁለቴ የገባ ካለ፣ ያልገባ አለ። ማን ቀረ?"

የእማሆይን ነገር ነገርኋቸው። "ቦታ ከተገኘ" ያልሁትንም። ሠንጠረዡን ወስደው አጥፈው እጄ ላይ መልሰው አኖሩት። ይህ ከሳቃቸው የባሰ ነበር።

ለድንጋይ ጠራቢው ደወልሁ። "መምህሬ!" አለኝ ገና ሃሎ ሳልል። "ጨርሻለሁ! ሠላሳ ሁለቱም እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።"

ሐሙስ ጠዋት ከሰብሳቢው ቤት ነበርሁ። የሠንጠረዡን ወረቀት ሁለቴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህን የሚያውቅ ማን ነው?"

"እኔና የኔታ።"

"እንግዲያው ተወው። ድንጋይ አይናገርም።"

"ጋሼ፣ እማሆይስ?"

"አንዱን ስም ብታነሣ አንዱ ቤት ይነሣብሃል። እነዚያ ሰዎች ሰበብ ነው የሚጠብቁት። ደግሞ ድንጋዩ አልቋል እያልኸኝ ነው።" ቆይተው ግን ድምፃቸው ለሰለሰ፤ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። "ስማ። ሁለቱም ቤት ከተስማሙ፣ ሠራተኛውም ይቻላል ካለ፣ አልከለክልህም። ስህተቱ የጸሐፊው መሆኑ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፋል።"

ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ጸሐፊው ነው። ተቀምጬ ጻፍሁ። ስህተቱ የጸሐፊው ነው። ሥርዓተ ነጥቤ እንኳ አልተዛነፈም።

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነበር። ዓርብ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የሠራተኛው ቦታ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ ቅጥሩ በመስቀልና በመቃብር ድንጋይ የተሞላ ነው። እሱ ራሱ እስከ ሽፋሽፍቱ በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። ድንጋያችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በቀኝ ዓምድ፣ ከላይ ሰባተኛው መስመር ላይ የፈረሱ ስም ብቻውን ተጽፏል፤ ከጎኑ የአባት ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። በቅጼ ላይ የተውኋት ባዶ ሳጥን ድንጋይ ላይ ወጥታ ጠበቀችኝ።

"ማጥፋት ይቻላል?" አልሁት።

"የኔ ደንበኛ ሁሉ ሙት ነው መምህሬ፤ ተሳሳትህ ብሎ የመጣብኝ የለም። አንተ የመጀመሪያው ነህ።" ጣቱን በፊደሉ ውስጥ ነዳ። "ብፍቀው ጉድጓድ ይሆናል። ፊቱን ሁሉ ዝቅ ላድርገው ብል ሠላሳ አንዱንም አጥፍቼ እንደገና ልጽፍ ነው። አንድ ዘዴ አለ። ሲጠረብ የወጣውን የራሱን ዱቄት አስቀምጫለሁ። በማጣበቂያ አቡክቼ ፊደሉን እደፍነዋለሁ፤ ሲደርቅ አለስልሼ በላዩ ላይ አዲሱን እቀርጻለሁ።"

"ይይዛል?"

"ፀሐይ ምንም አያደርገውም። ጠላቱ ውኃ ነው። ሁለት ክረምት፣ ሦስት ክረምት… ከዚያ በላይ አልምልልህም። የሚገባው ማን ነው?"

"ጠመንጃ የሚጠግኑ ቀጥቃጭ ነበሩ።"

በእጁ የያዘውን መሮ አገላብጦ አየው። "ይህንንም የሚስልልኝ ቀጥቃጭ ነው" አለ። ከዚያ እንደ ዳኛ ቆረጠ፦ "እሑድ ፀሐይ ሳይጠልቅ ደውልልኝ። ከዚያ ካለፈ አይደርቅልህም።"

የከተማዎቹ ቤተሰቦች ቅዳሜ ጠዋት ተስማሙ። ይህ ቀላል ነበር፤ የእነርሱ መስመር አይነካም፣ እንዲያውም የፈረሱ ስም ይጨመርለታል። ከእነርሱ ቤት ስወጣ ገበያው መሀል እማሆይ ጌሾ ሲመርጡ አገኙኝ። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ አየሁህ ብለው እጃቸውን አነሡ።

"መምህር፣ እንዴት አደርህ? ቦታ ተገኘ?"

ይህን ሁልጊዜ በየገበያው ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ "ገና ነው እማሆይ" እል ነበር። ዛሬ ግን "ተገኝቷል" ብል የገጠሮቹ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ "ገና ነው" ብል ውሸት ነው።

"ሰኞ እነግርዎታለሁ" አልሁ።

ጌሾውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ። "ሌላ ጊዜ ሰኞ አትልም ነበር።"

"እማሆይ፣ እስከ ሰኞ ይታገሡኝ።"

"ሰማንያ ዓመት ታግሻለሁ፤ ሰኞማ ምን አላት?" አሉና ወደ ጌሾው ተመለሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከየኔታ ጋር ወደ ገጠሮቹ ወረድን። መንደሩ ቁልቁለት ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ የለውም። የቤቱ አባት የዚያ የባለፈረሱ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ሽበት የወረሳቸው ገበሬ። አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሁሉንም ከመጀመሪያ ጀምሬ አስረዳሁ፤ ሠንጠረዡንም አወጣሁ። እርሳቸው ወረቀቱን አላዩትም።

"ስሙን ልትፍቁት ነው?"

"አንፍቀውም አባባ። ከዋናው ስማቸው አጠገብ እናዛውረዋለን።"

"ዋናው የቱ ነው? እኛ ቤት ዋናው ይህ ነው።"

ትክክል ነበሩ።

"ከእነዚያ ጋር በአንድ መስመር ልታስቀምጡን?" አሉ ወደ የኔታ ዞረው።

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አንተ ሰው፣ ሲቀበር መስቀል ይዤ የቆምሁት ዲያቆን እኔ ነኝ። አንድ ጉድጓድ ነው የተቆፈረው። ልቆጥርልህ?"

ሽማግሌው ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። "በል እሺ። ፈረሱ ግን ከሰውዬው እንዳያንስ። ፊደሉ እኩል ይሁን።"

"እኩል ይሆናል" አልሁ፤ ሠራተኛውን ሳልጠይቅ።

"በባዶው ማን ይገባል?"

የፈራሁት ይህን ነበር። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን አንድ ባዶ ሳጥን ዋጋዋን አሳይታኛለች። ነገርኋቸው። ሽማግሌው በበትራቸው ጫፍ አፈር መጫር ጀመሩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ እኔ እስከ ጉብታው ያለውን ዳገት በልቤ እየለካሁ ነው፤ አንድ ሰዓት፣ በሩጫ ከሆነ ግማሽ።

"ያያቴ ምንሽር እዚህ ቤት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሰደፉ ተሰንጥቆ ብረት የታሰረበት። ያሰረው እሱ ነው ይሉ ነበር።" አፈሩን መጫር ቀጠሉ። "አንድ ቀን እንኳ እህል ቅመስ አላልነውም። እኔም ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ሲመጣ ደጅ ነበር የሚቆመው።" በትራቸውን አቆሙ። "ይግባ።"

የኔታን "ቀስ ብለው ይምጡ" ብዬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። ጉብታው ላይ ሁለት የኔትወርክ መስመር አገኘሁ። ደወልሁ፤ አያነሣም። ደገምሁ፤ አያነሣም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ቀርቷታል። በሦስተኛው አነሣ።

"መምህሬ፣ እጄን እየታጠብሁ ነበር።"

"ይቻላል፤ ተስማምተዋል። የፈረሱ ስም ግን ከዘጠኝ አጠገብ በእኩል ፊደል ይሁን።"

"በእኩል ፊደል? በሁለቱ ዓምድ መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ ይወጣል። ያ ቀጥ ያለ መስመርህ ይበላሻል።"

"ይበላሽ" አልሁት።

ሰኞ ቦታ መገኘቱን የሚነግራቸው፣ የአባታቸውንም የክርስትና ስም የሚያመጣልኝ ሰው ወደ እማሆይ ላክሁ። ማክሰኞ መንገዱ ተዘጋ፤ ድንጋዩ ሳይመጣ ዋለ። በበዓሉ ዋዜማ ሲመሽ በጭድ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ደረሰ። ገልጬ ያየሁት መጀመሪያ ሃያ ሦስትን ነው። የእማሆይ አባት በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው ተጽፈዋል። ቀረብ ብሎ ላየ፣ ከፊደሉ ሥር ቀለሙ ትንሽ የጠቆረ መስመር አለ።

በማግስቱ በአርበኞች ቀን ከተማው ሁሉ ወጣ። ሰብሳቢው ንግግር አደረጉ። የኔታ የክርስትና ስሞቹን ሲጠሩ በኪሴ ውስጥ በጣቶቼ እየቆጠርሁ ነበር፤ ሁለቴ የተጠራ፣ ያልተጠራም አልነበረም። የአባታቸው ስም ሲጠራ እማሆይ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

ሰው ሲበተን ወደ ድንጋዩ መጡ። "የቱ ነው?"

እጃቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርሁት። ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር ነዱት፤ ከዚያ ከላይ ያለውን መስመር፣ ከዚያ ከታች ያለውን ዳሰሱ።

"ሌላው ልስልስ ነው። የአባቴ ለምን ይሻክራል?"

"ደህና ነው" ማለት እችል ነበር። ግን አስረዳሁ፤ ከባዶዋ ሳጥን ጀምሮ እስከ ድንጋዩ ዱቄት፣ ስህተቱ የእኔ እንደነበር። እንደ ልማዴ አስረዘምሁት። እንደ ልማዳቸው ታገሡኝ።

"ታዲያ አሁን ከአባቴ ሥር ምንድን ነው ያለው?"

"የፈረስ ስም፣ እማሆይ።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "በዕድሜው በቅሎ እንኳ ያልነበረውን ሰው ፈረስ ላይ አወጣኸው!" እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "እንዳይጥልብኝ ታዲያ። አደራ።"

ያ አደራ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሠራተኛው የላከልኝ የድንጋይ ዱቄት በላስቲክ ታስሮ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል፤ ሁለተኛው ጀምሯል። ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ተማሪዎቼ ዝናቡን ለማሸነፍ ይመስላቸዋል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሐውልቱ እሄዳለሁ፤ በቀኝ ዓምድ ከላይ ሰባተኛውን መስመር በአውራ ጣቴ፣ አንድ ፊደል ሳልዘል፣ እየተጫንሁ አነባለሁ።

ትናንት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዛሬ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ሄጄ ዳሰስሁት። አለ።